የ6 ኪሎው የሰማዕታት ሐውልትና ፊት ለፊቱ ያለው ሙዚየም፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እንግዳ ይዤ 6 ኪሎ በሄድኩ ቁጥር የሚጠየቁኝን እዚህ ሰብስቤያለሁ፤ ከቀላሉ እንጀምር።

ሐውልቱ የቆመው ለማን ነው?

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. እና በተከታዮቹ ቀናት አዲስ አበባ ውስጥ በፋሺስት ጣልያን ለተጨፈጨፉ ሰዎች ነው። ዕለቱ ዓርብ ነበር፤ የወሩ ሚካኤል። የጣልያን አልጋ ወራሽ ወንድ ልጅ ተወልዶለት ነበር። በኢትዮጵያ ላይ እንደራሴ ሆኖ የተሾመው ማርሻል ሮዶልፎ ግራዚያኒ ለዚህ ደስታ ለድሆች ምጽዋት እሰጣለሁ ብሎ ሕዝቡን ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ደጅ ሰበሰበ። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም የሚባሉ ሁለት ወጣቶች የእጅ ቦምብ ወረወሩበት። ግራዚያኒ ክፉኛ ቆሰለ፤ ግን አልሞተም።

ሐውልቱን ያስቆመው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። መጀመሪያ ግቢው ውስጥ በነበረው ሕዝብ ላይ ተተኮሰ። ከመካከላቸው ምጽዋት ሊቀበሉ የመጡ ዓይነ ስውራንና አረጋውያን ነበሩ። ቀጥሎ ጥቁር ሸሚዝ ለባሾቹ የፋሺስት ሚሊሻዎች ወደ ከተማው ወጡ። የአዲስ አበባው የፋሺስት ፓርቲ ኃላፊ ጊዶ ኮርቴዜ ለሦስት ቀን እንደፈለጉ እንዲያደርጉ ለቀቃቸው። ሰው በጥይት፣ በጩቤ፣ በዱላና በአካፋ ተገደለ። የሳር ክዳን ቤቶች ቤንዚን እየተርከፈከፈባቸው ከነሰዎቻቸው ተቃጠሉ። ቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል ላይም እሳት ተለቀቀ።

4 ኪሎ ካለው ሐውልት ጋር አንድ ነው?

አይደለም። ይህን ብዙ የአዲስ አበባ ልጅ ራሱ ያምታታዋል። የ4 ኪሎው የድል ሐውልት ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ከስደት ተመልሰው አዲስ አበባ የገቡበት ቀን መታሰቢያ ነው። ጣልያን ከተማዋን የያዘው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ስለነበር ቀኑ ልክ አምስት ዓመት ሞልቶት ነበር። የ6 ኪሎው ግን የሐዘን ሐውልት ነው። 4 ኪሎ ስትደርሱ ድሉን፣ 6 ኪሎ ስትደርሱ የተከፈለለትን ዋጋ ታያላችሁ።

ቸርችል ጎዳና አካባቢ ያለው፣ አናቱ ላይ ቀይ ኮከብ ያለበት ረጅሙ ሐውልት ደግሞ ሌላ ነው። እሱ ትግላችን ይባላል። በደርግ ዘመን የተሠራ ሲሆን በሶማሊያ ጦርነት ለወደቁ ኢትዮጵያውያንና ኩባውያን ወታደሮች ነው። የካቲት 23 ደግሞ ዓድዋ ነው፤ ቀኖቹም እንዳይምታቱባችሁ።

እንዴት ይደረሳል?

ከፒያሳም ሆነ ከ4 ኪሎ 6 ኪሎ ወይም ሽሮ ሜዳ የሚል ታክሲ ያዙ። የዩኒቨርሲቲው ዋና በር ጋ ስትደርሱ "ወራጅ አለ" በሉ። ሐውልቱ አደባባዩ መሃል ስለቆመ አያመልጣችሁም። ከቦሌ በኩል ለሚመጣ ሰው በስልክ የሚጠራ ታክሲ ይሻላል፤ "የካቲት 12 ሆስፒታል" ወይም "6 ኪሎ ዩኒቨርሲቲ" ብትሉ ማንም ሹፌር ያውቀዋል።

ጉልበት ላለው ግን ከ4 ኪሎ በእግር መውጣቱን እመርጣለሁ። መንገዱ በ5 ኪሎ በኩል፣ በብሔራዊ ሙዚየም ደጅ ያልፋል። ዳገት ነው። ከውጭ አገር ገና የመጣችሁ ከሆነ ሁለት ሦስት ቀን ቆይታችሁ ሞክሩት፤ አዲስ አበባ ከፍ ያለች ከተማ ናት፣ ትንፋሽ ያጥራል።

ሐውልቱ ውስጥ መግባት ወይም ላዩ ላይ መውጣት ይቻላል?

አይቻልም። ውጭ አገር አንዳንድ የመታሰቢያ ማማዎች ውስጣቸው ደረጃ ወይም ሊፍት ስላላቸው ከዚያ የመጣ ሰው ይህን ይጠይቃል። የእኛው ዙሪያውን እየዞሩ የሚያዩት ነው። ቁመቱ 28 ሜትር ነው። አብዛኛው ሰው ቀና ብሎ ቁመቱን ያይና ይሄዳል። ዋናው ነገር ግን ያለው ታች፣ ግርጌው ላይ ነው። የአጥሩ በር ተዘግቶ ካገኛችሁት ጠባቂውን በትሕትና ጠይቁ። ባይከፈትላችሁም ከውጭ ሆናችሁ በአራቱም አቅጣጫ ዙሩት።

ግርጌው ላይ ያሉት የነሐስ ቅርጾች ምንድን ናቸው? ማን ሠራቸው?

የዚያን ቀን ታሪክ ናቸው። ሰዎች ሲገደሉ፣ አስከሬን ሲወድቅ፣ የቀረው ሲያለቅስ ይታያል። ሰዎቹ በቁመት ልክ ስለተቀረጹ ቀረብ ሲሉ ፊት ለፊት የቆመ ሰው የምታዩ ይመስላችኋል። አንዴ ከአሜሪካ የመጣች አክስቴን ይዤ ሄጄ ነበር። ስታወራ የመጣች ሴትዮ እዚያ ስትደርስ ዝም አለች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ ዙሪያውን ዞረች። "በልጅነቴ ስንት ዓመት በዚህ ሳልፍ አንድ ቀን ቆሜ አላየሁትም" አለችኝ። እኔም ተማሪ ሆኜ እንደሷ ነበርኩ። በታክሲ መስኮት እያየነው ያደግን ብዙ ነን።

ቅርጻ ቅርጹን የሠሩት ሁለት የዩጎዝላቪያ ቀራጮች ናቸው፤ አንቱን አውጉስቲንቺችና ፍራኖ ክርሺኒች። ጊዜው እ.ኤ.አ. 1955 ነው፤ ኢትዮጵያና የቲቶዋ ዩጎዝላቪያ በጣም የተቀራረቡበት ዘመን። ያቺም አገር በፋሺስቶች ተወርራ፣ በአርበኞቿ ተዋግታ የወጣች ነበረች። ኒው ዮርክ የምትኖሩ ደግሞ የአውጉስቲንቺችን ሌላ ሥራ በአቅራቢያችሁ ታገኛላችሁ፤ በተባበሩት መንግሥታት ግቢ ፈረስ ላይ ተቀምጣ ወደፊት የምትጋልበው ሴት፣ "ሰላም" የተባለችው፣ የእሱ ናት።

ሙዚየሙ የት ነው? ለምንስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሆነ?

ከሐውልቱ መንገዱን ተሻግራችሁ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዋና በር ገብታችሁ ቀጥ ማለት ነው። ዛፎቹ መሃል ያለው አሮጌ ትልቅ ሕንፃ ገነተ ልዑል ነው። አዎ፣ ያው ቤተ መንግሥት። ቦምቡ የተወረወረው እዚሁ ሕንፃ ደጅ ነው። ለዚህ ነው ሁለቱን ነጣጥላችሁ እንዳታዩ የምለው። ጉዳዩ የተጀመረበት ደጅና ለሟቾቹ የቆመው ድንጋይ በመንገድ ብቻ ነው የተለያዩት።

ሕንፃውን ያሠሩት አፄ ኃይለ ሥላሴ ናቸው፤ ከጣልያን ወረራ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ። በወረራው ጊዜ ግራዚያኒ ገባበት። ከነፃነት በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ተመልሰው ኖሩበት። በ1953 ዓ.ም. የታኅሣሡ መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ሲከሽፍ ወደ ኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ተዛወሩና በ1954 ግቢውን ለዩኒቨርሲቲው ሰጡ። ሙዚየሙን የያዘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1963 ተመሠረተ። የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሪቻርድ ፓንክኸርስት ነበሩ። እናታቸው ሲልቪያ ፓንክኸርስት ዓለም ፊቱን ባዞረብን ጊዜ ለንደን ላይ ሆና ስለ ኢትዮጵያ የጮኸችልን ናት። እናትና ልጅ ሁለቱም ያረፉት አዲስ አበባ፣ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ነው።

ለመግባት ምን ያስፈልጋል?

መታወቂያ። የፋይዳም፣ የቀበሌም፣ የሥራም ይሁን፣ ብቻ ይኑር። ቦታው የሚማሩበት ግቢ ስለሆነ በሩ ላይ ጥበቃ አለ፤ ይፈተሻል፣ ወዴት እንደምትሄዱም ይጠየቃል። "ሙዚየም ነው" በሉ። ከውጭ የመጣችሁ ፓስፖርት ወይም ቢጫ ካርዳችሁን (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያችሁን) ያዙ። ሙዚየሙ ውስጥ ደግሞ የመግቢያ ትኬት ይቆረጣል፤ ለኢትዮጵያውያንና ለውጭ አገር ዜጎች ዋጋው ይለያያል። ጥሬ ብር ኪሳችሁ ውስጥ ይኑር። ዩኒቨርሲቲው የምረቃ ወይም የትልቅ ስብሰባ ቀን ካለው በሩ ይጨናነቃልና በዚያ ቀን ባትሄዱ ጥሩ ነው።

ሉሲን እዚያ አያታለሁ?

አታዩዋትም። ሉሲ፣ ማለትም ድንቅነሽ፣ ያለችው 5 ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ነው። ከ6 ኪሎ ቁልቁል ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ስትመለሱ ግቡ። ሁለቱንም በአንድ ቀን ማየት ይቻላል፣ ግን ልጆች ይደክማቸዋል።

ሙዚየሙ ውስጥ ምን አለ?

የሰው ሕይወት አለ። ይህን ስል ለማሳመር አይደለም፤ አንደኛው ፎቅ የተደረደረው እንዲያ ነው። በአብዛኛው ሙዚየም ዕቃው በክልል ወይም በብሔረሰብ ይከፋፈላል። እዚህ ግን በዕድሜ ነው፤ ልደትና ልጅነት፣ ጉልምስና፣ በመጨረሻም ሞትና ከሞት ወዲያ ያለው። ስለዚህ የአፋርና የሲዳማ፣ የኦሮሞና የአማራ ዕቃ ጎን ለጎን ይቀመጣል። የአንዱ ሕፃን እንዴት እንደሚታዘል፣ የሌላው እንዴት ስም እንደሚወጣለት፣ ጎረምሳው በምን እንደሚፈተን፣ ሙሽራው እንዴት እንደሚያገባ፣ ሟች እንዴት እንደሚሸኝ እያያችሁ ትሄዳላችሁ። እኔ ከሙዚየሙ ሁሉ የምወደው ይህን አደራደር ነው። አገሩን ሲያስተዋውቅ ሰውን ከሰው አይከፋፍልም።

ከዚያ የንጉሠ ነገሥቱና የእቴጌይቱ መኝታ ክፍሎች አሉ፤ መታጠቢያቸውም ጭምር። ብዙ ሰው የሚገርመው የክፍሉ መጠን ነው፤ የጠበቁትን ያህል አይንቆጠቆጥም። መስታወቱን ልብ ብላችሁ እዩት። በታኅሣሥ 1953ቱ ግርግር የጥይት ቀዳዳ ቀርቶበታል። በዚያ ሳምንት በዚህ ቤተ መንግሥት አረንጓዴ ሳሎን ውስጥ መኳንንትና ሚኒስትሮች ታግተው ቆይተው ተረሽነዋል። ከመካከላቸው ራስ አበበ አረጋይ ነበሩ። አምስት ዓመት ሙሉ በሸዋ ጫካ ጣልያንን ሲዋጉ ያልሞቱት አርበኛ እዚህ በወገን ጥይት ወደቁ። ይህን ሳስብ ሁልጊዜ ያመኛል። አስጎብኚያችሁ ካልነገራችሁ እናንተ ጠይቁት።

ላይኛው ፎቅ ሥነ ጥበቡ ነው። ሥዕለ አድኅኖ፣ መስቀሎች፣ በገና፣ ክራር፣ ማሲንቆ። የቤተ ክርስቲያን ሥዕል የሚወድ ሰው እዚህ ቸኩሎ አይለፍ። ስብስቡን ያደራጁት ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ የተባሉ ፖላንዳዊ ናቸው። ዕድሜያቸውን በኢትዮጵያ ሥዕል ጥናት ላይ ያዋሉ ሰው ነበሩ።

ከሙዚየሙ ፊት ለፊት ያለው የትም የማያደርስ ደረጃ ምንድን ነው?

ተማሪዎች በየቀኑ በአጠገቡ ያልፋሉ፤ ስንቱ ታሪኩን እንደሚያውቅ እንጃ። ደረጃውን ያቆመው ጣልያን ነው። እያንዳንዱ እርከን ሙሶሊኒ እ.ኤ.አ. በ1922 ሥልጣን ከያዘበት ጊዜ ጀምሮ ያለውን አንድ አንድ የፋሺስት ዓመት ይቆጥራል። ከነፃነት በኋላ ሰዎቻችን አላፈረሱትም። አናቱ ላይ የይሁዳ አንበሳ አስቀመጡበት፤ በቃ።

ከእንግዶቼ ጋር እዚህ ጋ ሁሌ ትንሽ እንቆያለን። ንግግር የማያስፈልገው መልስ ነው። ልጆችም ወዲያው ይገባቸዋል።

የቱን አስቀድሜ ልይ? ስንት ሰዓት ይፈጃል?

ሐውልቱን አስቀድሙ። ዙሪያውን ዞራችሁ ፊቶቹን ካያችሁ በኋላ መንገዱን ስትሻገሩና ቤተ መንግሥቱ ደጅ ስትደርሱ ቦታው ሌላ ይሆንባችኋል። መጀመሪያ ሙዚየም የገባ ሰው ግን በመስቀልና በክራር ተደስቶ ይወጣና ሐውልቱን "ደከመኝ" ብሎ ከሩቅ አይቶ ይሄዳል። ደጋግሜ አይቻለሁ።

ለሐውልቱ ግማሽ ሰዓት፣ ለሙዚየሙ ሁለት ሰዓት ያዙ። ጠዋት መሄድ ጥሩ ነው። ምሳ ሰዓት ላይ ከደረሳችሁ ሠራተኞቹ ለዕረፍት ሊወጡ ስለሚችሉ በር ላይ ትጠብቃላችሁ።

ልጆች ይዤ ልሂድ?

ይዛችሁ ሂዱ። ሙዚየሙ ለልጅ ይመቻል፤ የልጅነት ክፍሉን በተለይ ይወዱታል። ሐውልቱ ላይ ግን የሞቱ ሰዎች ምስል አለና አስቀድማችሁ አናግሯቸው። ለትንሽ ልጅ "ክፉ ሰዎች መጥተው ብዙ ሰው ገደሉ፤ እኛ እንዳንረሳቸው ይህን አቆምን" ማለት ይበቃል። ከፍ ላሉት ዝርዝሩን ንገሯቸው። ውጭ አገር ያደጉ ልጆች በትምህርት ቤት ስለ ፋሺዝም ሲማሩ የሚሰሙት በአብዛኛው የአውሮፓውን ነው። በእኛም ከተማ እንደደረሰ እዚህ ቆመው ሲሰሙ የሚጠይቁት ጥያቄ ብዙ ነው።

ፎቶ ማንሳት ይቻላል?

ሐውልቱን አዎ። ሙዚየሙ ውስጥ መጀመሪያ ጠይቁ፤ ቢፈቀድላችሁም ፍላሽ አጥፉ፣ የጥንት ሥዕል ቀለም ይጎዳል። ጥበቃዎችን፣ ፖሊስንና ሆስፒታሉን አታንሱ። አንድ ነገር ልለምናችሁ፤ የወደቁ ሰዎች ምስል ፊት እየሳቁ ሰልፊ መነሳት ጥሩ አይመስለኝም።

በየካቲት 12 ዕለት ብሄድስ?

ከቻላችሁ በዚያ ቀን ሂዱ። በየዓመቱ ጠዋት ላይ ሥነ ሥርዓት አለ። የአበባ ጉንጉን ይቀመጣል፣ ማርሽ ባንድ ይጫወታል። ከሁሉም በላይ አባት አርበኞችና የአርበኛ ልጆች ይመጣሉ፤ ሜዳሊያቸውን ደርድረው፣ ጎፈር ያደረጉ፣ ጋሻ የያዙ። ሽለላና ቀረርቶ ይሰማል። በወረራው ጊዜ የተዋጉት ራሳቸው ዛሬ ከስንት አንድ ናቸው። ስለዚህ አንድ አዛውንት ካገኛችሁ ቀርባችሁ ሰላም በሉ፤ ከፈቀዱ ጠይቋቸው። "አባባ፣ እርስዎ የት ነበሩ?" ካሏቸው የሚነግሩትን አያልቅባቸውም።

ጠዋት በማለዳ ድረሱ። መንገዶቹ ለመኪና ስለሚዘጉ የመጨረሻውን መንገድ በእግር ትሄዳላችሁ። ያን ቀን የምታዩት ሐውልቱን ነው፤ ሙዚየሙን ለሌላ ቀን አቆዩት።

የካቲት 12 በፈረንጆቹ ሁልጊዜ ፌብሩዋሪ 19 ነው?

አብዛኛውን ጊዜ። የጭፍጨፋው ዕለትም እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 19 ቀን 1937 ነበር። ነገር ግን ጳጉሜን 6 ከሆነች ዓመት በኋላ በሚመጣው ዓመት አንድ ቀን ይገፋና ፌብሩዋሪ 20 ይሆናል። ለምሳሌ የካቲት 12 ቀን 2016 ዓ.ም. የዋለው ፌብሩዋሪ 20 ቀን 2024 ነው። በ2020 ዓ.ም.ም እንደዚሁ ይሆናል። ከውጭ ለበዓሉ ትኬት የምትቆርጡ በዚህ እንዳትሸወዱ።

በእውነት ስንት ሰው ነው ያለቀው?

የኢትዮጵያ መንግሥት ከጦርነቱ በኋላ ያቀረበው ቁጥር 30,000 ነው። በትምህርት ቤት የተማርነውም ይህንኑ ነው። ታሪክ ተመራማሪው ኢያን ካምቤል ሰነዶችንና የዓይን እማኞችን ቃል ለዓመታት መርምረው በሦስቱ ቀናት የሞተውን 19,200 ገደማ ብለው ገምተዋል፤ ይህም ከዚያን ጊዜው የአዲስ አበባ ሕዝብ ከአምስት እስከ ስድስት ሰው አንዱ እንደማለት ነው። የጣልያን ወገን ይሰጠው የነበረው ቁጥር ከሁለቱም እጅግ ያነሰ ነው።

ቁጥሩ የሚለያየው ማንም የስም ዝርዝር ስላልያዘ ነው። ከነቤቱ የተቃጠለ አለ፤ በጅምላ ጉድጓድ የተቀበረ አለ። ቤተሰቡ በሙሉ ስላለቀ የሚጠይቅለት የጠፋም አለ። ግድያውም በሦስት ቀን አላበቃም። በቀጣዮቹ ሳምንታት የተማሩ ወጣቶች እየተለቀሙ ተገደሉ። ሌሎች ሶማሊያ ወደሚገኘው የዳናኔ ማጎሪያና ቀይ ባሕር ላይ ወዳለችው ኖኩራ ደሴት ተጋዙ። ግንቦት 12 ቀን፣ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት በዓል ሲከበር፣ በግራዚያኒ ትእዛዝ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ተረሸኑ። በኋላ የተደረገ ጥናት በደብረ ሊባኖስ የተገደሉትን መነኮሳት፣ ዲያቆናትና ምእመናን ከ1,400 እስከ 2,000 ያደርሳቸዋል። አንድ ተጨማሪ ቀን ካላችሁ ደብረ ሊባኖስ ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ደርሳችሁ ኑ።

አብርሃና ሞገስ መጨረሻቸው ምን ሆነ? ባይወረውሩ ኖሮ ሕዝቡ አያልቅም ነበር የሚሉስ አሉ?

ሁለቱም የኤርትራ ልጆች ናቸው። ከከተማ ያወጣቸው ስምዖን አደፍርስ የሚባል ታክሲ የነበረው ወጣት ነው። ደብረ ሊባኖስ ደርሰው ከዚያ ወደ አርበኞቹ ተቀላቀሉ። በኋላ ወደ ሱዳን ሊሻገሩ ሲሞክሩ መንገድ ላይ ተገደሉ። ስምዖን ግን ተይዞ፣ በስቃይ ተመርምሮ ሞተ። የስምዖን ስም ከሁለቱ ያነሰ መነሳቱ ሁሌም ይቆጨኛል። ለሰው ስታወሩ ሦስቱንም ጥሩ።

ለሁለተኛው ጥያቄ፣ አዎ የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን አልስማማም። ግድያው የጀመረው በቦምቡ አይደለም። ከየካቲት በፊትም የመርዝ ጋዝ በሰው ላይ ዘንቧል፣ እጃቸውን የሰጡ መኮንኖች ተረሽነዋል፣ አቡነ ጴጥሮስ በ1928 ዓ.ም. ሐምሌ አዲስ አበባ ላይ በአደባባይ ተገድለዋል። ጥፋቱን ከገዳዩ ወስዶ በሁለት ወጣቶች ላይ መጫን ልክ አይደለም።

ግራዚያኒ ተቀጣ?

በኢትዮጵያ ለሠራው ፍርድ ቤት ቀርቦ አያውቅም። ከጦርነቱ በኋላ አገሩ ጣልያን ከሰሰችው፤ ክሱ ግን ከናዚዎች ጋር ስለተባበረ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1950 19 ዓመት ተፈረደበትና ከጥቂት ወራት በኋላ ተለቀቀ። እ.ኤ.አ. በ1955 በሰላም ሞተ። ይባስ ብሎ በ2004 ዓ.ም. አፊሌ የምትባል የጣልያን ከተማ በሕዝብ ገንዘብ መታሰቢያ አቆመችለት። በዚያው በጣልያን ደግሞ ይህን የተቃወሙ፣ የካቲት 12ን በየዓመቱ የሚያስቡ፣ መንግሥታቸው ቀኑን በይፋ እንዲያስበው የሚጠይቁ ዜጎች አሉ። ሮም ወይም ሚላኖ ያላችሁ ሐበሾች በዚያ ሰሞን የሚደረጉትን ዝግጅቶች ጠይቃችሁ ሂዱ።

በቤተሰባችን "ቅድመ አያታችን በየካቲት 12 አለቁ" ይባላል። ስማቸውን ሐውልቱ ላይ አገኛለሁ?

አታገኙም፤ የሟቾች ስም አልተጻፈበትም። ይህን ስነግራቸው የሚከፉ ሰዎች አሉ፤ እኔም ይከፋኛል። ስሞቹ ያሉት በየቤቱ፣ በአዛውንቶች አፍ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ቤት ውስጥ ያለውን ያዙ። የሚያውቁት እማማ ወይም አባባ በሕይወት ካሉ ስልካችሁን ከፍታችሁ ድምፃቸውን ቅዱ። ሙሉ ስም ከነአያት፣ የክርስትና ስም፣ የነበሩበት ሰፈር፣ አጥቢያቸው ወይም መስጊዳቸው፣ የት እንደተቀበሩ፣ አብሯቸው ማን እንደነበረ ጠይቁ። የሰፈር ስም በዱሮው አጠራር ይንገሯችሁ፤ "ራስ እገሌ ሰፈር" ካሉ እንዳለ ጻፉት። ቀን ባያውቁ "ስንት ቀን ጠፍተው ተገኙ?" "ማን አለቀሰላቸው?" በሏቸው። የተዝካር ነገር ሲነሳ ብዙ ጊዜ ትዝታው አብሮ ይመጣል።

የጻፋችሁትን አንዱን ቅጂ ለልጆቻችሁ አስቀምጡ። አንዱን ደግሞ ይዛችሁ መንገዱን ተሻገሩ፤ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት በዚሁ ግቢ ነው፣ በዚያ ዘመን ታሪክ ላይ የሚሠራ ተመራማሪ እንዲያገናኟችሁ ጠይቁ። አክስቴ እንዲህ አድርጋለች። የአያቷን ወንድም ስም በወረቀት ጽፋ ይዛ መጣች፤ አንዱን ለቤተ መጻሕፍቱ ሰው ሰጠች፣ አንዱን ከአበባ ጋር አጥሩ ሥር አኖረች።